የግድግዳ ሒሳብ
በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



 ካለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ወዲህ በሞት የተለዩንን ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸውም ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጥልን።

ዛሬ የምናገረው ስለ ቤት ግድግዳ ነው። «እድር ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል እንጂ ግድግዳ ምን አገባው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እንደምታውቁት እድራችን ቤታቸው ለፈረሰባቸውና ለተቃጠለባቸው አባላት አነስተኛ ርዳታ ይሰጣል። በዛሬው አጀንዳ የተያዘውም ይኸው ርዳታ ነው። በኮሚቴው ዘንድ ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው «ርዳታው ለብሎኬት ብቻ ይሁን፤ በጭቃ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ገንዘብ መጣል ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ገንዘባችን ትንሽ ስለሆነ በጭቃ ብዙ ቤት ይጠገን» ይላል። እጅ ከማውጣታችን በፊት ነገሩን ረጋ ብለን እንድናየው ይህን ንግግር እንዳደርግ ታዝዣለሁ።

እኔ ግንበኛም መሐንዲስም አይደለሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመዝገብ ሥራ ነው። በመዝገብ ሥራ ደግሞ አንድ ደንብ አለ፤ አንድ ዕቃ የተገዛበት ዋጋ ብቻ ተጽፎ መዝገቡ አይዘጋም። ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ለጥገና ምን እንደ ወጣበት፣ በመጨረሻም ሲወገድ ምን እንደ ተገኘበት ይጻፋል። ግድግዳም እንዲሁ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የግድግዳን ዋጋ የምንቆጥረው በተሠራበት ቀን ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ግድግዳን በተሠራበት ቀን ሳይሆን በቆመበት ዘመን ልክ እንቁጠረው።

አሁን ሊቃውንቱ «ዘላቂነት» የሚሉት ነገር እኮ ሌላ አይደለም። በእኔ አቆጣጠር አምስት ጥያቄ ነው።

1ኛ/ ዕቃው ከየት መጣ? ለመሥራት ምን ያህል እንጨት፣ ምን ያህል ማገዶ ተቃጠለበት?
2ኛ/ ስንት ዓመት ይቆማል?
3ኛ/ ውስጡ ያለውን ሰው ከብርድ፣ ከሙቀት፣ ከእሳት እንዴት ይጠብቀዋል?
4ኛ/ ሲጎዳ ማን ይጠግነዋል? በምን ዋጋ?
5ኛ/ ሲፈርስ ምን ይተርፋል?

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይዘን ሰፈራችን ወደሚያውቃቸው ግድግዳዎች እንሂድ።

ስለ ጭቃ ግድግዳ

አዲስ አበባ በእንጨትና በጭቃ የቆመች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በተደረገ ጊዜ እንኳ አብዛኛው የከተማዋ ቤት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነበር። እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር የመጣው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ በከተማዋ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ በማለቁ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ቶሎ የሚያድገውና ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ እዚህ አንሰበሰብም ነበር ማለት ይቻላል። እንግዲህ ከተማ በግድግዳ ዕቃ እጦት ሊነሣ እንደሚችል አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

የጭቃ ግድግዳ አሠራሩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል፣ ከዚያ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረጋል። ጭዱ ያለ ምክንያት የገባ አይደለም። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ ጭዱ እንደ ክር ሆኖ አንዱን ከአንዱ ያያይዘዋል። ጭቃው በደንብ ተረግጦ ጥቂት ቀን ሲቦካ ጭዱ ይለሰልስና ከአፈሩ ጋር ይዋሐዳል። አንደኛው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለተኛው በስንጥቁ ላይ ይመረጋል፤ ሦስተኛው የደቀቀ ጭድና እበት ያለበት ልስን ነው። በአንድ ቀን ወፍራም አድርጎ መርጎ መጨረስ ገንዘብ መጣል ማለት ይኸ ነው እንጂ ጭቃው አይደለም።

አፈሩም መመረጥ አለበት። በቦሌና በአቃቂ በኩል የሚገኘው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ለግድግዳ የሚሻለው ቀይ አፈር ነው። ማንም ሰው በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። በአንድ ጠርሙስ አፈርና ውሃ አድርጎ በኃይል መበጥበጥና አንድ ቀን ማሳደር ነው። አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ ከመካከል፣ የሚያጣብቀው ሸክላ ከላይ ይተኛል። ሸክላው በጣም ከበዛ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ አሸዋው በጣም ከበዛ ይፈረፈራል።

ወደ ጥያቄዎቻችን እንመለስ። ጭቃ ከየት መጣ ቢባል ከእግራችን ሥር ነው። ማገዶ አልተቃጠለበትም። ውስጡ ያለውንስ ሰው? ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበልና ማታ ቀስ ብሎ ይመልሳል። እንደ አዲስ አበባ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ቁር ለሆነ ደጋ፣ ማሞቂያ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲጎዳስ? በአንድ ባልዲ ጭቃ ይጠገናል። ሲፈርስ አፈሩ ወደ አፈር ይመለሳል፣ እንጨቱ ማገዶ ይሆናል።

ነገር ግን ጉድለቱን መደበቅ አይገባም። ስንጥቁ የትኋንና የአይጥ መኖሪያ ይሆናል። ባሕር ዛፉን ምስጥ ይበላዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጭቃ ቤት ወደ ላይ አይነሣም፤ እንደ መርካቶ ቦታ እንደ ወርቅ በሚወደድበት ሰፈር ሁሉም ሰው በምድር ቤት ይኑር ማለት አይቻልም። በውጭ አገርና በአገራችንም አፈርን በዘመናዊ ዘዴ ጠቅጥቆ ፎቅ ለመሥራት የተደረገ ሙከራ አለ። በዚሁ በአዲስ አበባ በ2003 ዓ.ም. ገደማ የሥነ ሕንፃ ተቋሙ ከስዊዘርላንድ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ «ሱዱ» የተባለ ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ከአፈር ሠርቷል። ይህም አፈር የድኻ ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። ሆኖም ከባለሙያ ውጭ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

ስለ ብሎኬት

አሁን ወደ ብሎኬት እንለፍ። ብሎኬት ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ወይም ከስምጥ ሸለቆ በኩል የሚመጣው ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተደባልቆ በቅርጽ የሚሠራ ነው። በገበያ ባለ 10፣ ባለ 15 እና ባለ 20 እየተባለ ይሸጣል፤ ቁጥሩ የውፍረቱ ሳንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው።

አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። ጎንና ጎኑ 4 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ አንድ ክፍል ዙሪያው 16 ሜትር ነው። 16ን በ2 ተኩል ብናባዛ 40 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይሆናል። ለበርና ለመስኮት 4 ብንቀንስ 36 ይቀራል። ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ያህል ብሎኬት ይገባል። እንግዲህ ለአንድ ክፍል 450 ብሎኬት፣ የሚሰበረው ሲጨመር 470 ይደርሳል ማለት ነው። ሲሚንቶው ግን በብሎኬቱ ውስጥ ብቻ አይደለም። ለማጣበቂያው ሲሚንቶ አለ፣ ለልስኑ ሲሚንቶ አለ፣ ለመሠረቱና ለማዕዘኑ አርማታ ሲሚንቶና ፌሮ አለ። «የብሎኬት ዋጋ ይኸን ያህል ነው» ብሎ የጀመረ ሰው መካከል ላይ የሚቆመው ስለዚህ ነው። በሰፈራችን እስከ መስኮት ደርሶ የቀረ ግድግዳ ያላየ ሰው የለም።

ሲሚንቶ ከየት ይመጣል? የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭቶ በ1,450 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይቃጠላል። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም። አንድ ኩንታል የተቃጠለ የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ ለማግኘት ከ80 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ወደ አየር ይወጣል። ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከማገዶው ሳይሆን ከራሱ ከኖራው ድንጋይ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ማገዶው ቢለወጥ እንኳ ጭሱ ሙሉ በሙሉ አይቀርም። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው የዚህ ጋዝ መጠን ከመቶ 7 ወይም 8 እጅ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው ይባላል። ዝናቡ ሲዛባ በመጀመሪያ የሚራበው እንደ እኛ ያለው አገር ገበሬ ስለሆነ ነገሩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። አገራችን የሲሚንቶ ፋብሪካ አጥታ አታውቅም ለማለት ይቻላል። የድሬዳዋው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው፤ የሙገሩ በ1970ዎቹ ተከተለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የለሚው ትልቅ ፋብሪካ ተመርቋል። ይህም ሆኖ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው እንዴት እንደ ናረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ርዳታችንን በብሎኬት ብቻ ብንወስነው እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ የእድሩ ካዝና ለአንድ ሰው ግማሽ ግድግዳ ይሠራና ያበቃለታል።

ለብሎኬትም ፍርድ መስጠት አለብን። በደንብ የተሠራ ብሎኬት ምስጥ አይበላውም፣ አይቃጠልም፣ ሁለት ትውልድ ያኖራል። ለስድሳ ዓመት ለሚቆም ቤት ዛሬ የሚወጣው ሲሚንቶ በስድሳ ሲካፈል ትንሽ ነው። በአሥር ዓመት ለሚፈርስ ቤት ግን በአሥር ብቻ ይካፈላል። በዚህ ላይ ብሎኬት ከተሠራ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ መጠጣት ይገባዋል። ዛሬ ተሠርቶ ነገ የሚሸጥ ብሎኬት ጠርዙን በጣት ሲያሹት ይፈረፈራል። እንዲህ ያለውን ገዝቶ «ብሎኬት ሠራሁ» ማለት ስሙን መግዛት ነው።

ስለ ቆርቆሮና ስለ ድንጋይ

የቆርቆሮ ግድግዳ ቶሎ ይቆማል፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። ቀን ምድጃ፣ ሌሊት በረዶ ይሆናል። ማለዳ ላይ ከውስጥ በኩል ላብ ያወጣል፤ ያም ውሃ ወርዶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ሕፃንና ሽማግሌ የሚያድርበት ክፍል ግድግዳ ባይሆን ይመረጣል። ነገር ግን በአምስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ሲፈርስ ምን ይተርፋል በሚለው፣ ቆርቆሮን የሚያህል የለም። ምናለሽ ተራ ቅርባችን ነው። አሮጌ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ በር፣ መስኮት፣ የብረት ፍርግርግ ሁሉ እንደገና ተቃንቶ የሚሸጥበት ገበያ ነው። ቆራሌው በየበሩ እየጮኸ የሚሰበስበው እዚያ ደርሶ ዕቃ ይሆናል። ሌላው ዓለም አሁን ዕቃን ደግሞ ስለ መጠቀም መጽሐፍ ሲጽፍ መርካቶ በሥራ ላይ አውላው ኖራለች።

ድንጋይ በእድሜው የሚስተካከለው የለም። የጎንደር አብያተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ ተሠርተው አራት መቶ ዓመት ሊደፍኑ ነው። ሐረር ግንቡንና ቤቱን በድንጋይ ሠርቶ በየጊዜው እየቀባ ይኖራል። የትግራይ ሕድሞም ድንጋይ ነው። በሌላ በኩል የዶርዜ ሰው ከቀርከሃ ይሠራል፤ እግሩን ምስጥ ሲበላው የበሰበሰውን ቆርጦ ቤቱን ዝቅ ያደርገዋል፣ ቤቱ እያጠረ ይኖራል እንጂ በአንድ ቀን አይወድቅም። ይህን የማነሣው ሁሉም በአካባቢው ያለውን ዕቃ ወስዶ፣ የዕቃውን ጠላት ዐውቆ፣ በየዓመቱ ይጠግን እንደ ነበር ለማሳየት ነው። እኛ ያጣነው ጥሩ ዕቃ ሳይሆን ይህን ልማድ ነው። በከተማችን ድንጋይ ውድ ነው፤ ለመላው ግድግዳ አቅም ባይፈቅድ ለመሠረት ግን ሊቀር አይገባም።

ሸክላ ጡብም መልካም ዕቃ ነው፤ ሆኖም በእሳት የሚጋገር ስለሆነ ማገዶው ከየት እንደ መጣ ይጠየቃል።

ግድግዳን የሚገድለው ማነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በክረምት የወደቀ ግድግዳ ስናይ «ጭቃ ስለሆነ ወደቀ» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን የገደለው ውሃ ነው፤ ውሃውን ያስገባው ደግሞ ጣሪያውና መሠረቱ ነው።

እስቲ እናስላው። በአዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። ይህ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1,200 ሊትር ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ቅድም የጠቀስኩት አንድ ክፍል ጣሪያው ከነክፈፉ 20 ካሬ ሜትር ቢሆን በዓመት 24,000 ሊትር፣ በ200 ሊትር በርሜል ቢለካ 120 በርሜል ይሆናል። አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። አሸንዳ ከሌለ 120 በርሜል ውሃ በግድግዳው እግር ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ለዚህ ብሎኬቱም ቢሆን አይችለውም፤ መሠረቱ ይሰምጥና ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ቋሚ እንጨትም የሚበሰብሰው አናቱ ወይም ወገቡ አይደለም። አፈርና አየር በሚገናኙበት በእግሩ ዙሪያ ነው። አንዳንዶቻችን የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባዋለን፤ ምስጡን ለጊዜው ያርቅ ይሆናል፣ ነገር ግን አፈሩንም ይመርዛል። የሚሻለው ቋሚውን በአፈር ውስጥ ከመቅበር ይልቅ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ነው። መሠረቱ 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል የዝናቡ ፍንጣቂ ጭቃውን አይነካውም፣ ምስጡም መንገዱን በግልጥ ይሠራል፣ ይታያልም።

አንድ በጣም የተለመደ ነገርም ልጥቀስ። የጭቃ ቤትን «ዘመናዊ ይምሰል» ብለን በሲሚንቶ እንለስነዋለን። ሲሚንቶ ደረቅ ነው፤ ጭቃና እንጨት ግን እንደ አየሩ ይነፋሉ ይኮማተራሉ። ስለዚህ ልስኑ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ የገባው ውሃ በሲሚንቶው ታፍኖ መውጫ ያጣል። ከውጭ ቤቱ አምሮ ሳለ ከውስጥ ቋሚው እየበሰበሰ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ ሳይታሰብ ስለሚወድቅ አደገኛ ነው። ለጭቃ ቤት የሚስማማው የጭቃ ልስንና በላዩ ኖራ ነው።

ስለ እሳትና ስለ መንቀጥቀጥ

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የተነሣውን እሳት ያላየ፣ ጭሱን ያልሸተተ የመርካቶ ሰው የለም። ቤትና ቤት፣ ሱቅና ሱቅ በተያያዘበት ሰፈር እሳት ጎረቤትን አይመርጥም። ደህና የተመረገ ጭቃ እንጨቱን ሸፍኖ እሳቱን ያዘገየዋል፤ ብሎኬትም አይቃጠልም። ችግሩ ከግድግዳው በላይ ነው። በተያያዙ ቤቶች ብዙ ጊዜ የጋራው ግድግዳ ኮርኒስ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ከኮርኒሱ በላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ክፍት ጎዳና ነው። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ ከሆነ እሳቱ በዚያ ጎዳና ይጋልባል። የጋራውን ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ከፍ አድርጎ መምረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የሁለት ቤተሰብ ነፍስ ያድናል።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሰው ከፎቅ እየሮጠ ወርዷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማገሩ ደህና የሆነ የእንጨትና የጭቃ ቤት ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይናድም። ያለ ፌሮ፣ ያለ ማዕዘን አርማታ የተደረደረ ብሎኬት ግን ክብደቱ ጠላቱ ይሆናል። ብሎኬት የሚሠራ ሰው ፌሮውን የሚቀንስ ከሆነ ባይሠራ ይሻለዋል።

ታዲያ ለማን ምን ይሻላል?

አባሎቻችን በሦስት ወገን ናቸው።

ሀ/ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ በኋላ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ኪራዩ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ስለ ቆየ ለጥገና የሚተርፍ አልነበረም። አሁን ደግሞ «ሰፈሩ ይፈርሳል፣ ልማት ይመጣል» እየተባለ ማንም እጁን አይዘረጋም። መነሣታችን ነገ ይሁን ከአሥር ዓመት በኋላ ይሁን በእጃችን አይደለም፤ ክረምቱ ግን በየዓመቱ በቀኑ ይመጣል። ለእነዚህ አባሎቻችን፣ ከወረዳው ፈቃድ ወስዶ፣ ጣሪያና አሸንዳ አስተካክሎ፣ እግሩን በድንጋይ ከፍ አድርጎ በጭቃ መጠገን ትክክለኛው ሒሳብ ነው። ቤቱ ቢነሣ ቆርቆሮውን፣ አሸንዳውን፣ በርና መስኮቱን ይዘው ይሄዳሉ፤ ጭቃው ቢቀር የወጣበት ጉልበት ነው።

ለ/ የራሳቸው ይዞታና ካርታ ያላቸው። ለእነርሱ በድንጋይ መሠረት ላይ ብሎኬት፣ አቅም ካለም ፎቅ መሥራት ያዋጣል፤ ስድሳ ዓመት የሚካፈል ወጪ ነውና። ግን አቅሙ እስኪሞላ በክፍል በክፍል ጨርሶ መሥራት እንጂ አራቱን ክፍል ጀምሮ በክረምት ማስደብደብ አይገባም።

ሐ/ ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱ። ከ1990ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ብዙ ጎረቤቶቻችን እጣ ደርሷቸው ሄደዋል፤ ለቅሶ ግን ዛሬም እዚሁ ይደርሳሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የእነርሱ ቤት ክብደቱን የሚሸከመው በአርማታ ምሰሶው ነው። የውስጥ ክፍፍሉ በአንዳንዱ ሳይት ብሎኬት፣ በአንዳንዱ ከተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ገለባና ከሌላ ማጣበቂያ የሚሠራው አግሮስቶን ነው። ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ የሚነካ ሰው መሐንዲስ ሳያማክር፣ ፈቃድ ሳይዝ መዶሻ አያንሣ። ምሰሶና ወራጅ አርማታ ፈጽሞ አይነካም፤ ከላይና ከታች ያለው ቤተሰብ በእርሱ ላይ ነው የሚያድረው። የመታጠቢያ ቤት ፍሳሽም ቶሎ ይጠገን፤ ውሃ አርማታው ውስጥ ገብቶ ፌሮውን ሲያዝግ ከላይ የሚታይ ነገር የለም።

ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ

እንግዲህ «ብሎኬት ወይስ ጭቃ» የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። ስለዚህ ለድምፅ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ/ ርዳታው በዕቃው ስም አይወሰን። ቤቱ ታይቶ፣ የይዞታው ሁኔታ ታውቆ ይወሰን።

2ኛ/ የጥገናው ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፤ መጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ አሸንዳና የውሃ ቦይ፣ ቀጥሎ መሠረት፣ በመጨረሻ ግድግዳ። ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት የግድግዳ ገንዘብ አይሰጥ።

3ኛ/ ርዳታው ከወደቀ በኋላ ብቻ አይሁን። በየዓመቱ በመጋቢት ሦስት ሰዎች ተመርጠው፣ በተለይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችንና አባቶችን ቤት ይመልከቱ። የቋሚውን እግር በቢላዋ ጫፍ መውጋት ይበቃል፤ ቢላዋው ከገባ በስብሷል። ምርጊቱም ጭቃው ሊደርቅ በሚችልበት፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ በወጣቶቻችን ደቦ ይሠራ። ድንኳን የሚተክል ጉልበት ማገር ለመምታትም ይበቃል።

4ኛ/ ለእያንዳንዱ የተጠገነ ቤት አንድ ገጽ መዝገብ ይከፈት። ቀኑ፣ ዕቃው፣ ዋጋው፣ በኋላም የተጠገነበት ሁሉ ይጻፍበት። አሥር ዓመት ሲሞላው የትኛው ግድግዳ እንዳዋጣን የምናውቀው ከወሬ ሳይሆን ከገዛ መዝገባችን ይሆናል።

ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ መዋጮ አይደለም፤ በያዝነው ገንዘብ መጀመር ይቻላል። የወደቀ ግድግዳ የምናነሣበት ገንዘብ የሚወድቀውን ለመደገፍ ቢውል ብዙ ቤት ይደርሳል። የግድግዳ መውደቅ ደግሞ የንብረት ጉዳት ብቻ አይደለም። ሌሊት በተኛ ሰው ላይ ሲወድቅ ጥሩምባ የሚነፋው በእኛው ነው። አንድ አሸንዳ በጊዜው ሰቅለን አንድ ጥሩምባ ብናስቀር እድራችን ከቀበረው ይልቅ ያኖረው ይበልጥ ያስመሰግነዋል።

 ፈጣሪ መጪውን ክረምት የደኅና ያድርግልን።